የብስክሌቱ መንገድ ከማን ቦታ ይውጣ?



በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተጀመረው የኮሪደር ልማት ዛሬ አዳማን ጨምሮ ወደ ብዙ ከተሞች መዛመቱ የታወቀ ነው። ከሥራውም አንዱ ክፍል ቀድሞ በአገራችን እምብዛም ያልተለመደው የብስክሌት መንገድ ነው። እኛ ተማሪዎች የብስክሌት መንገድ ተቃዋሚዎች አይደለንም፤ እንዲያውም ይጨመር ባዮች ነን። ነገር ግን አንድ ጥያቄ ሳይነሣ እንዲታለፍ አንፈልግም። ይኸውም ጥያቄ፥ መንገዱ የሚወጣው ከማን ቦታ ነው? የሚል ነው።

በአዲስ አበባ ጎዳናው ሲሰፋ ፒያሳንና ካዛንችስን በመሳሰሉት ሠፈሮች ብዙ ቤት ፈርሷል፤ ብዙ ቤተ ሰብም ለዘመናት ከኖረበት ጎረቤቱ ተለያይቷል። ቤት ሲለካና ምልክት ሲደረግበት አይተናል። በየመንገዱ ዳር የቆመው መኪና የያዘውን ቦታ ግን ማን ለካው?

እስቲ እኛ እንለካው። አንድ አውቶሞቢል በመንገድ ዳር ሲቆም ወደ ጎን ከ2 እስከ 2 ሜትር ተኩል፥ ወደ ፊት ደግሞ 6 ሜትር ያህል ይይዛል። እንግዲህ በአንድ ኪሎ ሜትር ጎዳና በአንድ ወገን የሚቆሙት መኪኖች ቢበዙ 160 ያህል ናቸው። ለአንድ አቅጣጫ የብስክሌት መንገድ የሚያስፈልገውም ስፋት ይኸው 2 ሜትር ነው፤ በእርሱም ላይ በሰዓት ከሺህ የሚበልጥ ሰው ሊያልፍበት ይችላል። ስለዚህ አንድ ግንብ ሳይነካ፥ አንዲት እናት ከደጇ ሳትነሣ መንገዱ ይገኛል ማለት ነው። የሚነሣው የቆመ ብረት ብቻ ነው።

ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ተከልክሏልና ችግሩ ራሱ ይቃለላል የሚሉ አሉ። የኤሌክትሪክ መኪና ጭስ እንደሌለው እናምናለን። ሲቆም የሚይዘው ቦታ ግን ከነዳጁ መኪና በምን ያንሳል?

ወደ አካባቢያችን እንመለስና ቆቃን እንመልከት። የቆቃ ግድብ በ1952 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ኤሌክትሪኩ በከተማዋ አናት ላይ አልፎ ሌላውን ሲያበራ ኖሯል፤ ከሞጆ ወደ ባቱና ወደ ሀዋሳ የሚወስደው መንገድም እንዲሁ በመካከሏ የሚያልፍ የሌላ ሰው መንገድ ሆኖባት ቆይቷል። የሽንኩርትና የቲማቲም ጭነት የሚጠብቀው አይሱዙ፥ ሹፌሩ ምሳ የሚበላለት ተሳቢ፥ ሰው የሚጠራው ሚኒባስ ዳር ዳሩን ሲይዙ፥ ተማሪውና ገበሬው የሚሄዱት በቆመውና በሚሮጠው መኪና መካከል ነው። በቆመው ካሚዮን አፍንጫ ሥር ብቅ የሚለውን ልጅ ከኋላ የሚመጣው ሹፌር እንዴት ሊያየው ይችላል?

ዛሬ ግን ከሞጆ እስከ ባቱ የፍጥነት መንገድ ተሠርቷል። ርቆ የሚሄደው መኪና ከፍሎ በዚያ ሊያልፍ ይችላል፤ እግረኛና ብስክሌት ግን በዚያ አይገቡም። ስለዚህ የድሮው መንገድ ለቆቃ ሰው ብቸኛ መንገዱ ነው። ለእርሱ እንዲስማማ ሆኖ ቢሰናዳ ምን ነውር አለበት?

ይህን ስንል የሌላውን ወገን ችግር ዘንግተን አይደለም። የምግብ ቤቱ ባለቤት፥ ጎሚስታው፥ ጫኝና አውራጁ፥ ሽንኩርት በማዳበሪያ ደርድራ የምትሸጠው እኅታችን፥ ሁሉም የሚኖሩት ካሚዮኑ ስለሚቆም ነው። በአዳማና በአዲስ አበባም በመኪና ማቆሚያ ሥራ ተደራጅተው የሚተዳደሩ ወጣቶች አሉ። የእነርሱን እንጀራ ነጥቆ ለብስክሌት መንገድ መስጠት ፍርድ አይደለም። ስለዚህ መከልከል ብቻውን አይበቃም፤ መጀመሪያ የሚቆምበት መሰናዳት አለበት።

ሌሎችም አገሮች በዚህ አልፈዋል። ዛሬ የብስክሌት አገር የምትባለው ሆላንድ በተፈጥሮዋ እንዲህ አልነበረችም። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1971 ዓ.ም. በመኪና አደጋ ከ3 ሺህ በላይ ሰዎች ሲሞቱባት ከ400 የሚበልጡት ሕፃናት ነበሩ። ወላጆች በአደባባይ ተሰልፈው «የልጆቻችን መገደል ይቁም» አሉ፤ ከሁለት ዓመት በኋላም የነዳጅ እጦት ደረሰ፤ ከዚያ ወዲህ ነው ከተሞቹ ጎዳናቸውን እንደገና መከፋፈል የጀመሩት። ከአገራችንም ሀዋሳና ባሕር ዳር ሜዳማ በመሆናቸው ብስክሌት የሠራተኛውና የተማሪው መጓጓዣ መሆኑን አሳይተውናል። የቆቃም ሜዳ ከእነርሱ አያንስም።

እንግዲህ የምንጠይቀው ይህ ነው። አንደኛ፥ ከዋናው ጎዳና ገባ ብሎ፥ ከገበያው ሳይርቅ፥ ለካሚዮንና ለሚኒባስ የመቆሚያ ሜዳ ይከለል፤ ማቆሚያ ይጠብቁ የነበሩት ወጣቶችም ሜዳውን ከብስክሌት ማቆሚያ ጋር ይረከቡ። ሁለተኛ፥ በዋናው ጎዳና ጭነት መጫን በንጋትና በምሽት ብቻ ይፈቀድ፤ ተማሪ በሚወጣበትና በሚገባበት ሰዓት ማንም አይቁም። ሦስተኛ፥ የብስክሌቱ መንገድ በቀለም ብቻ ሳይሆን በድንጋይ ጠርዝ ይለይ፤ ቀለም ብቻ የሆነ እንደ ሆነ በማግሥቱ ባጃጅ ይቆምበታልና። አራተኛ፥ ነገሩ ሁሉ ከመወሰኑ በፊት ነጋዴውም ሹፌሩም ተማሪውም ተጠርተው ይመካከሩበት።

መምህራኖቻችንም እንዲያግዙን እንለምናለን። የምሕንድስና ተማሪ ሜትር ይዞ ወጥቶ የቆቃን ጎዳና ቢለካ፥ የኢኮኖሚክስ ተማሪ የነጋዴውን ገቢ ከመንገዱ በፊትና በኋላ ቢመዘግብ፥ ከክፍል ትምህርት የሚያንስ ትምህርት አይሆንም። ትምህርታችን ለሕዝብ ነው ስንል የኖርነው እንዲህ ላለው ጊዜ አይደለምን?

ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፥ ቆቃ ገና ሠፍታ ሳትጨናነቅ፥ ቤት ለማፍረስ ምልክት ሳይጻፍ፥ ዛሬ ቢታሰብበት ወጪውም ኀዘኑም ያንሳል። መንገድ የሕዝብ ሀብት ነው። ከሕዝብ ሀብት ላይ አንድ ወገን መልቀቅ ያለበት ሲሆን፥ ቤት ካለው ሰው በፊት የቆመው መኪና ይልቀቅ።