«ክላሽ ይሻላል፣ ቤልጅግ ይሻላል» ለሚሉ ጎረቤቶቻችን



ሌባ በዛ ከተባለ ወዲህ በጠላ ቤቱም በዕድር ድንኳኑም የሚሰማው ክርክር አንድ ሆኗል፤ ለቤት ጥበቃ የትኛው ጠመንጃ ይሻላል? ግማሹ «ክላሽ» ይላል። ግማሹ «ቤልጅግ አንድ ጥይቱ ይበቃል» ይላል። ወጣቶቹ ደግሞ «ዋናው ካሊበሩ ነው፤ ቀጭን ጥይት ይሻላል» እያሉ ይራቀቃሉ። ተከራካሪዎቹ ሁሉ ጋራና ሸንተረር ላይ ቆመው እንጂ እኛ ሠፈር ሆነው የሚያወሩ አይመስሉም።

እስቲ በቁጥር እንነጋገር። ቤልጅግ በ1920ዎቹ ለአገራችን ጦር ሲገዛ የታሰበው ለሜዳና ለተራራ ነበር። ጥይቱ 7.92 ሚሊ ሜትር ነው፤ ጉልበቱ የክላሹን ጥይት እጥፍ ይጠጋል። የክላሽ ጥይት 7.62 ሚሊ ሜትር ስትሆን 8 ግራም ያህል ትመዝናለች፤ ከአፈሙዝ ስትወጣ በሴኮንድ 700 ሜትር ያህል ትበራለች፤ እስከ 1500 ሜትር ድረስም የመግደል ኃይሏ አብሯት አለ። ቀጭን የተባለው የኤም-16 ጥይት 5.56 ሚሊ ሜትር፣ 4 ግራም ያህል ነው። ይህኛው ሲመታ ቶሎ እንደሚገለበጥና እንደሚሰባበር አንክድም። ነገር ግን የጭቃ ግድግዳ አያቆመውም።

የኛ ግድግዳ ደግሞ ምንድነው? ማገርና ጭቃ፣ በላዩ ኖራ። አጥሩ ቆርቆሮ። ብሎኬት የሠራውም ቢሆን ብዙ አይመካ፤ ውስጡ ባዶ የሆነ ብሎኬት ለጠመንጃ ጥይት አስተማማኝ ጋሻ አይደለም። ከአንዱ አልጋ እስከ ጎረቤት አልጋ ያለውን ርቀት በእርምጃ ለክታችሁ ታውቃላችሁ? በሌሊት፣ በጨለማ፣ በድንጋጤ የተተኮሰ ጥይት ሌባውን ቢስት የሚያገኘው የማንን ልጅ ነው? ሌባውን ቢመታም እኮ አልፎት ሊሄድ ይችላል።

ደግሞ የክላሹን ነገር እንጨምር። መቀየሪያው ላይ ሲሆን ዝግ ነው፣ መሃል ሲሆን በተከታታይ ይተኩሳል፣ እታች ሲወርድ ነው ነጠላ የሚሆነው። የሚንቀጠቀጥ እጅ መሃል ላይ ካቆመው በአንዴ የሚወጣው ጥይት ስንት ነው? ይህን ውትድርና የቆዩት አባቶች ያውቁታል፤ ጠላ ቤት የሚከራከሩት ግን ሲያነሱት አልሰማንም። ለሠርግና ለለቅሶ ወደ ሰማይ የሚተኮሰውንማ ተዉት፤ ሰማይ የሚያስቀረው ይመስላቸዋል!

«ታዲያ ፖሊስ እስኪደርስ እጃችንን አጣጥፈን እንረድ ወይ?» የሚሉን አሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ፖሊስ ሲዘገይ እኛም አይተናል። ምረጡ ካላችሁን፣ ቤቱ ለብቻው ሜዳ ዳር የቆመ፣ ከኋላው ገደል ወይም ጉብታ ያለው፣ ፈቃድም ያለው ሰው ክላሹን በነጠላ አድርጎ፣ ሳያቀባብል፣ ካዝናውን ነቅሎ ሣጥን ውስጥ ቆልፎ ያስቀምጥ። ቤልጅግ ለጠባብ ጓዳ ረጅም ነው፣ ጉልበቱም ከልክ ያለፈ ነው። ቤት ከቤት ተደግፎ በሚኖርበት በኛ መንደር ግን የትኛውም ጠመንጃ፣ በየትኛውም ካሊበር፣ የቤት ጥበቃ መሣሪያ አይደለም እንላለን።

ሕጉም አለ። በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝ ክልክል ነው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 78 ራስን መከላከልን ይፈቅዳል፤ ግን ጥቃቱን በሌላ መንገድ ማስቀረት የማይቻል ሲሆንና መከላከሉም ከጥቃቱ ጋር የተመጣጠነ ሲሆን ነው። ዶሮ ይዞ የሚሮጥ ልጅ ጀርባ ላይ መተኮስ በዚህ አይሸፈንም።

የክላሽ ዋጋ ዛሬ ምን ያህል እንደ ደረሰ የጠየቀ ያውቀዋል። በዚያ ብር ስንት አምፖል፣ ስንት የብረት መቀርቀሪያ፣ የስንት ወር የዘበኛ ደመወዝ ይወጣል? ለመብራትና ለዘበኛ መዋጮ ሲጠየቁ «የለኝም» ያሉ ቤቶች ለጠመንጃ ብር እየቆጠሩ መሆናቸውን ሰምተናል። ስማቸውን አንጽፍም፤ በሚቀጥለው የማኅበሩ ስብሰባ ላይ ግን መዝገቡን ይዘን እንጠይቃቸዋለን።