ክትባቱ የታለ?

ባለፈው አንድ ወጣት «ጥናቱ ከወጣ ስንት ዓመቱ፣ ክትባቱ የታለ?» አለኝ። ነገሩ እንዲህ ነው፤ በ2005 እ.ኤ.አ. የእንቅልፍ በሽታ፣ የቻጋስና የሌሽማኒያ ተውሳኮች ዘረመል «ሳይንስ» መጽሔት ላይ በአንድነት ወጣ። ነጂብ ኤል-ሰይድ ከሥራው መሪዎች አንዱ ናቸው። እውነት ነው፣ ለሦስቱም ዛሬም ለሰው የሚሆን ክትባት የለም። ግን የአንዱን ችግር ስፋት ያሳየን ይኸው ሥራ ነው፦ የእንቅልፍ በሽታው ተውሳክ የላይ ልብሱን የሚለዋውጥባቸው ጂኖች በመቶዎች ይቆጠራሉ። ሰውነታችን አንዱን ልብስ ሲለይ ሌላ ለብሶ ይመጣል። ታዲያ ይህን ማወቅ ትንሽ ነገር ነው?

መረጃው ለማንም ክፍት ነው። ካላአዛር መተማና ሁመራ ላይ የቀን ሠራተኛውን እየጣለ፣ ልጁን «ባዮሎጂ እንጀራ አይሆንም» ብለን የምንመልሰው ግን እኛው ነን። እኔም ለታናሽ ወንድሜ እንዲሁ ብየዋለሁ።