ኮልት ወይስ ብራውኒንግ? የባለ 800 ዶላሩ ወዳጃችን ጉዳይ

ሰሞኑን ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ በምናዘወትራት ቡና ቤት አንድ ክርክር ተነስቶ እስካሁን አልበረደም። ፖለቲካ አይደለም፤ ኳስም አይደለም። ማታ ማታ ታክሲ የሚነዳ አንድ ወዳጃችን 800 ዶላር ቆጥቦ ሽጉጥ ሊገዛ ተነሳ። ዘመናዊዎቹን የፕላስቲክ ሽጉጦች አይፈልግም። «መሣሪያ መሣሪያ መምሰል አለበት» ባይ ነው። ስለዚህ ምርጫው ሁለት ላይ ወደቀ፤ የጥንቱ ኮልት 1911 ወይም ብራውኒንግ ሃይ ፓወር።

ጠረጴዛው ወዲያው ለሁለት ተከፈለ። በድሮ ጊዜ ወታደር የነበሩት፣ ቡናቸውን ያለ ስኳር የሚጠጡት ጋሼ «ሽጉጥ ማለት ኮልት ነው፤ ሌላው መጫወቻ ነው» ብለው ዘጉት። እኛ ደግሞ የጋሼን ቃል መቀበል ብንወድም፣ ወዳጃችን የሚከፍለው ከጋሼ ኪስ ስላልሆነ አልዘጋነውም።

ነገሩን የሚያስቀው ሁለቱም የአንድ ሰው ልጆች መሆናቸው ነው (ዓመተ ምሕረቱን በሙሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ያንብቡልን)። ጆን ብራውኒንግ የሚባለው አሜሪካዊ ኮልቱን ሠርቶ የአሜሪካ ጦር በ1911 ተቀበለው። ጥይቱ ፎርቲ ፋይቭ ነው፤ ወፍራም። ለምን ያን ያህል ወፈረ ቢሉ፣ አሜሪካኖቹ በፊሊፒንስ ሲዋጉ የያዙት ቀጭን ጥይት ተዋጊዎቹን አላቆም ስላላቸው ነው ይባላል። ታሪክ ቀልደኛ ነውና ዛሬ በዝቅተኛ ዋጋ ከሚሸጡት 1911ዎች ታዋቂው፣ ሮክ አይላንድ የሚባለው፣ የሚሠራው እዚያው ፊሊፒንስ ነው። ሽጉጡ እስከ 1985 ድረስ የአሜሪካ ጦር ዋና ሽጉጥ ሆኖ ቆይቷል። ጋሼ ይህን ቁጥር ሲሰሙ ጠረጴዛውን መቱ።

ሁለተኛውን ብራውኒንግ አልጨረሰውም። የኮልቱን የፈጠራ መብት ለኮልት ኩባንያ ስለሸጠ፣ የቤልጂየሙ ኤፍኤን ፋብሪካ አዲስ ሽጉጥ ሥራልን ሲለው የራሱን ብልሃት ራሱ መጠቀም አልቻለም። በ1926 እዚያው ቤልጂየም ሥራ ላይ እንዳለ ሞተ። የቀረውን ድዩዶኔ ሴቭ የተባለ ቤልጂየማዊ ጨረሰው። የኮልት መብት ጊዜው ሲያልፍ ጥሩ ጥሩውን አምጥቶ ቀላቀለበት፤ ሽጉጡም በ1935 ወጣ። ጥይቱ 9 ሚሊ ሜትር፣ ካርታው 13 ጥይት የሚይዝ፤ ለዚያን ጊዜ ጉድ የሚያሰኝ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጀርመኖች የቤልጂየሙን ፋብሪካ ይዘው ለራሳቸው ሲያመርቱት፣ ካናዳ ደግሞ ቶሮንቶ ላይ ለተቃራኒው ወገን አመረተችው። ሁለቱም ወገን በአንድ ዓይነት ሽጉጥ ተዋጋ ማለት ነው።

ወደ ኪስ እንመለስ። የቤልጂየሙ ሃይ ፓወር መመረቱ ማብቃቱ በ2018 ከታወቀ ወዲህ ደህናው አሮጌ እንኳ ለወዳጃችን የማይቀመስ ሆኗል። ኤፍኤን በ2022 ያወጣው አዲሱም ከ1,000 ዶላር በላይ ነው። የቀረለት ቱርክ ሰራሹ ቅጂ ነው። (አገር ቤት ዜና ላይ «ቱርክ ሰራሽ ሽጉጥ» ከተባለ ቀጥሎ የሚመጣው «በቁጥጥር ስር ዋለ» ስለሆነ፣ ስሙን ስንሰማ ሁላችንም ሳቅን። የወዳጃችን ግን ከነደረሰኙ ነው።) የቱርኩም የፊሊፒንሱም ዋጋ እዚያው 500 ዶላር አካባቢ ነው። ታዲያ ልዩነቱ የቱ ጋ ነው?

ጥይቱ ላይ ነው። ዋጋ ይወጣል ይወርዳል፤ እኛ ስንጠይቅ ግን 50 ፍሬ የያዘው የ9 ሚሊ ሜትር ፓኮ 15 ዶላር፣ የፎርቲ ፋይቩ 25 ዶላር ነበር። በወር 100 ጥይት የሚለማመድ ሰው በአንዱ 30፣ በሌላው 50 ዶላር ያወጣል ማለት ነው። በዓመት ልዩነቱ 240 ዶላር። ሽጉጥ አንዴ ይገዛል፤ ጥይት ግን እንደ ቤት ኪራይ ነው፣ በየወሩ ይመጣል። የማይለማመድ ሰው ደግሞ የሚያነጣጥረው ሌላ፣ የሚመታው ሌላ ነው።

ወዳጃችን 800 ዶላሩን ሙሉ ለሽጉጥ ያሰበውም ሜሪላንድን ስለማያውቃት ነው። እዚህ ሽጉጥ ለመግዛት መጀመሪያ የብቃት ፈቃድ ያስፈልጋል። 4 ሰዓት ትምህርት፣ የጣት አሻራ፣ 50 ዶላር የማመልከቻ ክፍያ። ሁሉም ሲደመር ወደ 200 ዶላር ይጠጋል። የአራት ዓመት ሴት ልጅ ስላለችው ቁልፍ ያለው የብረት ሣጥን ግድ ነው፤ 60 ዶላር እንበል። 540 ቀረው። 470 ዶላር የተለጠፈበት ሽጉጥ ከ6 በመቶው የሽያጭ ታክስ ጋር 498 ይሆናል። የሚተርፈው 42 ዶላር ገደማ! ይህ የ9 ሚሊ ሜትር ሁለት ፓኮ ይገዛል፤ የፎርቲ ፋይቭ ግን አንድ ብቻ። ይህን ናፕኪን ላይ ጽፈን ስናሳያቸው ጋሼ መነጽራቸውን አውጥተው አነበቡና «ቢሆንም» አሉ።

«ቢሆንም» ያሉት ያለ ምክንያት አይደለም። ሁለቱንም በኪራይ የሚያስተኩስ መለማመጃ ሄደን ሞክረናል። የኮልቱ ምላጭ ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ ይሳባል፤ ንጹሕ ነው። የብራውኒንጉ ግን ጭቃ ውስጥ እንደገባ እግር ይጎተታል። ከመካከላችን እጇ ትንሽ የሆነችው እህታችን መያዣው ቀጭን ስለሆነ ኮልቱን መርጣለች፤ ግፊቱም እንደፈራነው አልነበረም፣ ክብደቱ ይውጠዋል። በዚያ ላይ የሃይ ፓወር ዋና መኩራሪያ የሆነው የካርታው ብዛት እዚህ አይሠራም። በሜሪላንድ ከ10 ጥይት በላይ የሚይዝ ካርታ መሸጥ ክልክል ነው። 13ቱ ወይም 15ቱ 10 ይሆናል፤ የኮልቱ 7 ነው። የሦስት ጥይት ልዩነት ክርክር አያስነሳም።

እኛን ያሳሰበን ሌላ ነገር ነው። በሁለቱም ሽጉጦች ካርታውን ያወጣ ጀማሪ «ባዶ ነው» ብሎ ያምናል። የጎረሰው ጥይት ግን እዚያው ነው። ኮልቱ በዚያ ሁኔታ ምላጩ ከተሳበ ይተኩሳል። ጥንታዊው ሃይ ፓወር ካርታው ከወጣ አይተኩስም፤ ያ ጭቃ የመሰለው ምላጭ የመጣውም በዚሁ ምክንያት ነው። ከአዲሶቹ ቅጂዎች ግን ይህን መከላከያ ያነሱት ስላሉ ማንም በዚህ እንዳይተማመን። ባለሙያው የነገረን ካርታውን አውጣ፣ ላዩን ሳብ፣ በዓይንህም በጣትህም አረጋግጥ ብሎ ነው።

የእኛ ድምፅ ለ9 ሚሊ ሜትሩ ነው፤ በጥይቱ ዋጋ ብቻ። የመረጡት ሽጉጥ ግዛቲቱ ባጸደቀችው ዝርዝር ውስጥ መኖሩን ሳይጠይቁ ቀብድ እንዳይከፍሉ።

አንድ ነገር ግን ሳንናገር አናልፍም። ከጠረጴዛችን ያልተጠራ አንድ ሰው «የጣት አሻራና ወረፋ ምን ያደርግልሃል፣ እኔ ፈቃድ አለኝ፣ በስሜ ልግዛልህ» ብሎ ነበር። አበሻ ለአበሻ መኪና በስሙ ይገዛል፣ ስልክ በስሙ ያወጣል፤ ደግነት ነው። ሽጉጥን ግን ለሌላ ሰው በራስ ስም ገዝቶ ማስረከብ በፌዴራል ሕግ ወንጀል ነው። ቅጹ ላይ ትክክለኛው ገዢ አንተ ነህ ወይ ተብሎ ይጠየቃል፤ እዚያ ላይ መዋሸት እስር ያመጣል፣ ግሪን ካርድ ላለው ደግሞ ከእስሩ በኋላ የሚመጣው ይብሳል።

ሁሉንም ሰምቶ ካበቃ በኋላ ወዳጃችን «ታዲያ ታክሲው ውስጥ የት ላስቀምጠው?» አለን። ዝም አልን። የመግዣው ፈቃድ ይዞ መንቀሳቀስን አይፈቅድም፤ ለዚያ 16 ሰዓት ትምህርት ያለው ሌላ ፈቃድ አለ። የሚሠራበት የመተግበሪያ ኩባንያም ሾፌሮቹ መሣሪያ እንዳይዙ ይከለክላል። ማታ የሚያስፈራው መንገዱ ነው፤ ሽጉጡ ግን የሚያድረው ልጁ ያለችበት ቤት ነው። 18 ዓመት ያልሞላው ልጅ ሊያገኘው በሚችልበት ቦታ ጥይት የጎረሰ መሣሪያ ትቶ መገኘት ደግሞ በሕግ ያስጠይቃል።

እዚህ ላይ ጠረጴዛው እንደገና ተከፈለ፤ አሁን ግን በኮልትና በብራውኒንግ አይደለም። ግማሾቻችን «ተወው፣ ዳሽ ካሜራ ግዛበት» አልን። ግማሾቻችን «ቤቱንስ ማን ይጠብቅለት» አልን። ጋሼ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ኮልት ሳይናገሩ ቆዩና «ልጅቷ ቁልፍ የት እንደምታደርግ ታውቃለች ወይ?» ብለው ጠየቁት። ታውቃለች አለ። የመኪናውን ቁልፍ ሁልጊዜ የምታመጣለት እሷ ናት።

ለቅዳሜው ትምህርት ተመዝግቧል። ሽጉጡን አልገዛም። በቁጥር የሚከፈተውን የብረት ሣጥን ግን አዟል።