ደክሟት ነው የተቀመጠችው?

«ወሬ ሲነግሩህ ሐሳብ ጨምርበት» ይላል ያገራችን ሰው። ስለ ጥቁር አሜሪካውያን ትግል የሚነገረንን ወሬ ግን ሐሳብ ሳንጨምርበት ስንት ዘመን ዋጥነው! አንዲት ልብስ ሰፊ ሥራ ውላ ደክሟት አውቶቡስ ላይ ተቀመጠች፤ ለነጭ ተነሺ ሲሏት እምቢ አለች፤ አንድ ወጣት ሰባኪ ተነስቶ ተናገረ፤ ሕዝቡም ነጻ ወጣ። አለቀ። ተረት ተረት፣ የላም በረት!

እኛ ይህን ተረት እንቃወማለን። የምንቃወመው ሮዛ ፓርክስን ለማሳነስ አይደለም፤ ተረቱ ራሱ ስለሚያሳንሳት ነው። ሴትዮዋ እ.ኤ.አ. በ1943 ነው ኤን ዳብል ኤ ሲ ፒ ለተባለው የጥቁሮች መብት ማኅበር የሞንትጎመሪ ቅርንጫፍ ጸሐፊ የሆነችው። በ1955 ከመታሰሯ ጥቂት ወራት በፊት ቴነሲ ሄዳ ሃይላንደር በተባለው ትምህርት ቤት ስለ ትግል ተምራ ተመልሳለች። ደክሟት ሳይሆን ተዘጋጅታ ነው። ከእሷም በፊት፣ ማርች 2 ቀን 1955፣ የ15 ዓመቷ ተማሪ ክላውዴት ኮልቪን በዚያችው ከተማ አልነሳም ብላ በፖሊስ ተጎትታ ታስራለች። ይህችን ልጅ ስንቶቻችን እናውቃታለን?

እስቲ ደግሞ ወረቀቱን ማን አባዛው ብለን እንጠይቅ። ጆ አን ሮቢንሰን በአላባማ ስቴት ኮሌጅ የእንግሊዝኛ መምህርት ነበረች። የሴቶች የፖለቲካ ምክር ቤት ሊቀ መንበርም ነበረች። በሜይ 1954፣ ማለትም ፓርክስ ከመታሰሯ ከአንድ ዓመት ተኩል በፊት፣ አድማ ሊመጣ እንደሚችል ለከንቲባው በደብዳቤ አስጠንቅቃለች። ፓርክስ በተያዘችበት ሌሊት፣ ዲሴምበር 1 ቀን 1955፣ ሮቢንሰን ከአንድ ባልደረባዋና ከሁለት ተማሪዎቿ ጋር ኮሌጁ ገብታ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ወረቀት በማባዣ መኪና ስታባዛ አደረች። ሲነጋ ወረቀቱ በየትምህርት ቤቱ፣ በየሱቁ፣ በየፀጉር ቤቱ ተበተነ። ሰኞ ዲሴምበር 5 ጠዋት አውቶቡሶቹ ጥቁር ተሳፋሪ አጥተው ባዶአቸውን ዞሩ። ዶክተር ኪንግ የአድማው ማኅበር ሊቀ መንበር ሆኖ የተመረጠው በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ነው። ልብ በሉ፤ ጠዋት አድማ፣ ከሰዓት መሪ!

አድማው 381 ቀን ቆየ። ንግግር ደግሞ 381 ቀን ሙሉ ሠራተኛ አያመላልስም። ሠራተኛውን ያመላለሰው እግሩና መኪና ያላቸው ሰዎች በተራ የነዱት መኪና ነው። እንደ ጆርጂያ ጊልሞር ያሉ ምግብ አብሳዮች ዶሮና ኬክ ሸጠው ገንዘብ አዋጡ። ፍርድ ቤት ከሳሽ ሆነው የቆሙት አራት ሴቶች ናቸው፤ አንዷ ያቺው ኮልቪን ናት። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በኖቬምበር 1956 የፈረደው በእነሱ ክስ ነው።

«ታዲያ ኪንግን ልትክዱ ነው?» የሚለን አይጠፋም። ኧረ አንክድም! ቤቱ በቦምብ ተመትቶ ያልሸሸ ሰው ነው። የምንለው ሌላ ነው፦ ጀግናውን ብቻ የሚያሳይ ታሪክ ቁጭ ብለን ጀግና እንድንጠብቅ ያስተምረናል። ኤላ ቤከር በ1960 ተማሪዎቹን ሰብስባ የራሳቸውን ኮሚቴ እንዲያቋቁሙ ስትረዳ የታገለችው ከዚሁ ጋር ነው፤ ትግሉ በአንድ ሰው ጫንቃ ላይ እንዳይንጠለጠል።

እኛስ? እኛም ከዚህ በሽታ አልዳንንም። አዳራሽ ሲሞላ ማጨብጨብ እናውቅበታለን። ላለፈው እትም ስለ ትግል የጻፍነው አሥራ አንድ ነበርን፤ ገጽ ለመደርደር ስንጠራራ የመጣነው አራት፤ አንዳችንም ምሳ ልብላ ብለን ወጥተን በዚያው ቀረን።

ያን ሌሊት ከሮቢንሰን ጋር ያደሩትን የሁለት ተማሪዎች ስም የሚያውቅ ጥቂት ነው። ወረቀቱ ግን ደርሷል። የኛ ቀጣይ እትም ቅዳሜ ይባዛል። እጅ ያለው ይምጣ፤ አፍ ብቻ ያለው እቤቱ ይቆይ።