ኢንኮደሩን ቀይሩት፣ ዋናውን ድምፅ ግን አትሰርዙት!

ድምፅ በሚቀዳበት ቤት ሁሉ የማይጠፋ አንድ ክርክር አለ። አንደኛው ወገን «እየሰራ ያለን ነገር ለምን ትነካካለህ?» ይላል። ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ሌም 3.97 ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ! ሁለተኛው ወገን ደግሞ አዲስ ቁጥር ባየ ቁጥር ያወርዳል። አውርዶም አያርፍም፤ የአስር ዓመት ኤምፒ3 ፋይሉን በሙሉ በአዲሱ ሶፍትዌር እንደገና ይጨምቀዋል።

እኔ ሁለቱም ተሳስተዋል ባይ ነኝ። ግን ስህተታቸው እኩል አይደለም። የመጀመሪያው ሰነፍ ነው። ሁለተኛው አጥፊ ነው።

እስቲ ለማያውቀው አንባቢ ነገሩን ላስረዳ። ሌም ድምፅን ጨምቆ ወደ ኤምፒ3 የሚቀይር ነጻ ሶፍትዌር (ኢንኮደር) ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 ማይክ ቼንግ የጀመረው ሲሆን የስሙ ትርጉም «ሌም ኤምፒ3 ኢንኮደር አይደለም» የሚል ቀልድ ነው። ቃሉ ራሱ በእንግሊዝኛ «አንካሳ» ማለት ነው። አንካሳው ግን በሁለት እግራቸው የሚሄዱትን ብዙዎቹን ጥሎ ሄደ።

ኦዳሲቲን በድሮ ጊዜ የተጠቀመ ያስታውሳል። «ኤምፒ3 አውጣልኝ» ሲሉት «መጀመሪያ ሌምን ፈልጋችሁ አምጡ» ይል ነበር። እኛም ከጓደኛ ፍላሽ ላይ፣ ከነቫይረሱ፣ እንገለብጥ ነበር። ምክንያቱ የፓተንት ጣጣ ነው። የጀርመኑ ፍራውንሆፈር የኤምፒ3 ፈቃድ መሸጡን እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2017 አቆመ። ያኔ አንዳንድ የውጭ ሚዲያዎች «ኤምፒ3 ሞተ» ብለው ጻፉ። ወዳጄ፣ የሞተው ክፍያው ነው! እ.ኤ.አ. በ2019 ኦዳሲቲ ሌምን በሆዱ ይዞ መምጣት ጀመረ። ስለዚህ ዛሬ በጓደኛ ፍላሽ የመጣ ሌም ላይ የሙጥኝ የሚልበት ምክንያት ያለው ሰው የለም።

ቀይሩት የምለው ለምንድን ነው?

አንደኛ፣ አያስፈራም። የኤምፒ3 ደረጃ የሚደነግገው ፋይሉ እንዴት እንደሚነበብ ነው፤ እንዴት እንደሚጨመቅ ለሰሪው ትቶለታል። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2017 በወጣው ሌም 3.100 የተሰራ ፋይል ሚኒባሱ ውስጥ ፍላሽ የሚሰካበት ቴፕም፣ ገጠር ያለው ባለ ቁልፍ ስልክም ያጫውተዋል። (በሒሳብ ትምህርት 3.100 ከ3.99 ያንሳል፤ በሶፍትዌር ግን የሚቀጥለው ነው። አትደናገሩ።)

ሁለተኛ፣ የተበላሸ ፋይል ሲሰጠው ፕሮግራሙን ይጥሉ የነበሩ ስህተቶች በአዲሱ ታርመዋል። ከሰው እጅ ፋይል እየተቀበለ ለሚሰራ ጋዜጠኛ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ሦስተኛ፣ ነጻ ነው። የሚፈጀው ጊዜ ቡና ተፈልቶ እስኪቀርብ እንኳን አይሆንም።

ተአምር ግን አትጠብቁ። በ3.98 እና በ3.100 በ192 ኪሎቢት የተጨመቀ አንድ ዘፈን፣ የቱ የቱ እንደሆነ ሳይነገረው በጆሮው ብቻ ደጋግሞ የሚለይ ካለ ኮፍያዬን አነሳለታለሁ። «አዲሱን ከጫንኩ ወዲህ ድምፁ ጠራ» የሚሉን ሰዎች የሰሙት ቁጥሩን ነው።

«ለምን ወደ ኦፐስ አንሻገርም?» የሚል ይኖራል። ጥሩ ጥያቄ ነው። ኦፐስ እ.ኤ.አ. በ2012 ደረጃ የወጣለት፣ ነጻ፣ በትንሽ ኪሎቢት ኤምፒ3ን የሚያስንቅ ነው። በቴሌግራም የምንላላካቸው የድምፅ መልእክቶች ራሳቸው ኦፐስ ናቸው። አድማጫችሁ ስልኩ ላይ ብቻ ከሆነ ተሻገሩ። ሚኒባሱን ከፈለጋችሁ ግን ኤምፒ3 ላይ ቆዩ።

አጥፊው

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ኤምፒ3 ድምፅን የሚያሳንሰው አጣጥፎ ሳይሆን ቆርጦ በመጣል ነው። «ይህን ጆሮ አይሰማውም» ያለውን ይጥለዋል። የሲዲ ድምፅ በሰከንድ 1,411 ኪሎቢት ነው፤ 128 ላይ ስናወርደው የሚቀረን አንድ አስራ አንደኛው ገደማ ነው። የተጣለው አይመለስም። ያንኑ ፋይል በአዲሱ ሌም ወደ 320 ብናወጣው ክብደት ይጨምራል እንጂ ድምፅ አይጨምርም። ወፍጮ ቤት ገብቶ የወጣ ጤፍ ተመልሶ ፍሬ አይሆንም። ይባስ ብሎ፣ በተጨመቀው ላይ ሌላ መጭመቂያ ሲመጣ ከቀረውም ላይ ይቆርጣል።

ይህ የዘፈን ወዳጆች ቅንጦት የሚመስለው ካለ አማርኛ ምን ዓይነት ቋንቋ እንደሆነ ያስብ። «መጣ» እና «መታ» የሚለያዩት በአንድ ፊደል ነው፤ «ጠ» ፈንድታ ትወጣለች፣ «ተ» አትፈነዳም። ኤምፒ3 በትንሽ ኪሎቢት ሲሰራ የሚቸግረው ደግሞ እንዲህ ድንገት የሚፈነዳ ድምፅ ነው፤ ከፊቱና ከኋላው ያለብሰዋል። አንዴ በስልክ ተቀድቶ፣ ሁለቴ ሦስቴ ተጨምቆ የመጣ ምስክርነት ላይ «ሰውየው መጣ» ይሁን «ሰውየው መታ» ብላችሁ ጆሯችሁን ድምፅ ማጉያው ላይ ስትለጥፉ አስቡት። አንዱ ዜና ነው፣ ሌላው ክስ ነው። ተናጋሪው በሕይወት ከሌለ ደግሞ ማንን ትጠይቃላችሁ?

ለልምምድ የገባሁበት አንድ ጣቢያ (ስሙ ይቆየን) ልማዱ እንዲህ ነበር፦ ቃለ ምልልሱ ከተላለፈ በኋላ በ64 ኪሎቢት ይጨመቃል፣ ዋናው ይሰረዛል። ለምን ሲባል «ቦታ ሞላ!» እሺ፣ እንቁጠር። አንድ ሰው በአንድ ማይክ ሲናገር ስቴሪዮ አያስፈልገውም። በሞኖ የተቀዳ የአንድ ሰዓት ንግግር ምንም ሳይጨመቅ 318 ሜጋባይት ገደማ ነው። ምንም ሳይጥል በሚያሳንሰው ፍላክ ካስቀመጥነው ብዙውን ጊዜ ወደ ግማሽ ይጠጋል። ባለ አንድ ቴራባይት ሃርድ ዲስክ ሳይጨመቅ እንኳን ከ3,000 ሰዓት በላይ ይይዛል። በቀን አንድ ሰዓት ብትቀዱ ከስምንት ዓመት በላይ! ለስብሰባ ውሃና ብስኩት የማያጣ ቢሮ ለዚህ አንድ ዲስክ አጣ?

ፍላክ ላይ ያለ ዋና ቅጂ ካላችሁ የኢንኮደር ክርክር ራሱ ያበቃል። ነገ ከሌምም ከኦፐስም የተሻለ ቢመጣ ከዋናው ላይ እንደ አዲስ ታወጣላችሁ። ዋናው ከሌላችሁ ግን ማሻሻያው ለእናንተ አልመጣም፤ የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም።

ስለዚህ የምለው አጭር ነው። ሶፍትዌሩን ዛሬ ቀይሩት። የድሮ ኤምፒ3 ፋይሎቻችሁን እንዳሉ ተዉአቸው፤ የቀራቸው ያ ብቻ ነው። ከዛሬ ጀምሮ የምትቀዱትን በፍላክ አስቀምጡ፣ ኤምፒ3ውን ለአድማጭ ስጡ። «ሰርዘው» የሚል አለቃ ከመጣ ደግሞ ሂሳቡን አሳዩት።

ቸር ያሰማን!