ጎረቤታችንን ስንሸኝ ተስፋውንም እንወቅ

የዒድ አል አድሃ (አረፋ) በዓል በመጣ ቁጥር በሀገራችን ከተሞችና መንደሮች ክርስቲያኑ ለሙስሊም ጎረቤቱ «እንኳን አደረሳችሁ» ማለቱ የቆየ ልማድ ነው። እርዱ ለየብቻ ቢሆንም ቡናው፣ ዳቦውና ምርቃቱ የጋራ ነው። ይህ ጉርብትና ግን ከደስታው ቀን ይልቅ በሐዘን ቀን ይበልጥ ይታያል። ከሙስሊሙ ቤት የሞት ዜና ሲሰማ ክርስቲያኑ ሥራውን ትቶ ይሄዳል፤ ድንኳን ይተክላል፤ ውኃ ይቀዳል፤ አስከሬኑንም እስከ መቃብር ይሸኛል። ሙስሊሙም ለክርስቲያኑ እንዲሁ ያደርጋል።

ይሁን እንጂ እግራችን በደረሰበት ሥፍራ ልቡናችን ደርሷልን? አንዳንዱ ለቀስተኛ ጧት ያረፈ ሰው ከቀትር በኋላ አፈር ሲለብስ አይቶ «ምነው እንዲህ ተቻኮሉ?» ይላል። ሌላው ደረት አለመመታቱን፣ ሙሾ አለመውረዱን ተመልክቶ ሐዘኑ የቀዘቀዘ ይመስለዋል። የሬሣ ሣጥን አለመኖሩን እንደ ንፉግነት የሚቆጥርም አይጠፋም። ዓመታት አብሮ የኖረን ጎረቤት በመጨረሻው ቀን በተሳሳተ ዓይን ማየት ለሐዘንተኛው ሌላ ሐዘን ነው። ስለዚህም እስልምና ስለ ሕይወት ዓላማ፣ ስለ ሞትና ከሞት በኋላ ስላለው ዓለም የሚያስተምረውን በመጠኑ ማወቅ የጉርብትና ዕዳ ይመስለናል።

በበዓል ቀን ስለ ሞት ማንሳት ያልተገባ ይመስል ይሆናል። ነገር ግን በዓሉ ራሱ ሞትን ያሳስባል። በዋዜማው፣ በዙልሒጃ ወር 9ኛ ቀን፣ ሐጃጆች በመካ አቅራቢያ በሚገኘው የዐረፋት ሜዳ ከቀትር እስከ ፀሐይ መጥለቂያ ፈጣሪያቸውን ሲማጸኑ ይውላሉ። ወንዶቹ የሚለብሱት ያልተሰፋ ሁለት ነጭ ጨርቅ ብቻ ስለሆነ ባለጠጋው ከድኻው፣ ሹሙ ከተራው አይለይም። መምህራኑ ይህን ልብስ በከፈን፣ ሜዳውንም በፍርድ ቀን አደባባይ ይመስሉታል። በሐጅ ሥርዓት ላይ ሳለ የሞተ ሰው በእነዚያው ሁለት ጨርቆች እንዲከፈን ነቢዩ ሙሐመድ ማዘዛቸውም በሐዲስ ተመዝግቧል።

በእስልምና ትምህርት የሰው ልጅ ወደዚህ ዓለም የመጣው በከንቱ አይደለም። የተፈጠረው ፈጣሪውን እንዲያመልክ ነው፤ ሕይወትና ሞትም ሥራው ያማረው ማን እንደሆነ የሚፈተንባቸው ናቸው። «ዒባዳ» የሚባለው አምልኮ በቀን አምስት ጊዜ በሚሰገደው ሶላት፣ በረመዳን ጾም፣ በዘካና በሐጅ ብቻ አያበቃም። ለአላህ ታስቦ እስከ ተሠራ ድረስ ቤተሰብን መመገብ፣ በሚዛን አለማጭበርበር፣ ከመንገድ ላይ እንቅፋት ማንሳት ሁሉ ዋጋ አለው። ሰው በምድር ላይ «ኸሊፋ»፣ ማለትም እንደራሴ ነው። ሀብቱ፣ ጤናው፣ ልጆቹና ዕድሜው «አማና»፣ አደራ ናቸው። አደራ ደግሞ ባለቤቱ በጠየቀ ጊዜ ይመለሳል። ሙስሊሙ የሞት ዜና ሲሰማ ከሁሉ አስቀድሞ ሰው የፈጣሪው መሆኑንና ወደ እርሱም ተመላሽ መሆኑን በአፉ የሚመሰክረው በዚህ ምክንያት ነው።

የቀብሩ ሥርዓት ከዚህ እምነት ይመነጫል። በጣር ላይ ላለው ሕመምተኛ የመጨረሻ ቃሉ እንዲሆንለት የእምነቱን ምስክርነት፣ ሸሃዳን፣ በለሆሳስ ያስታውሱታል። ካረፈ በኋላ ወንድን ወንዶች፣ ሴትን ሴቶች ገላው ሳይጋለጥ ያጥባሉ፤ የመታጠቡ ቁጥርም ሦስት ወይም አምስት፣ ብቻ ጎዶሎ እንዲሆን ይመረጣል። ከዚያም ወንዱ በሦስት፣ ሴቷ በአምስት ነጭ ጨርቅ ይከፈናሉ። የጀናዛ ሶላት ቆሞ የሚፈጸም ሲሆን ማጎንበስም ሆነ ግንባርን መሬት ማስነካት የለበትም፤ አራት ጊዜ ተክቢራ ይባልበታል። ይህ ሶላት የመላው ማኅበረሰብ ግዴታ ነው፤ ጥቂቶች ቢፈጽሙት ከሌላው ይወርዳል፤ ማንም ባይፈጽመው ግን ሁሉም ይጠየቅበታል። ሟቹ በቀኝ ጎኑ ተጋድሞ ፊቱ ወደ መካ፣ ከእኛ ሀገር ሲታይ ወደ ሰሜን፣ እንዲዞር ይደረጋል። መፋጠኑም ሟቹን ከማክበር የመጣ ነው፤ ደግ ሰው ከነበረ ወደሚጠብቀው ደግ ነገር ቶሎ ማድረስ ይገባል ተብሎ ይታመናልና።

ከቀብር በኋላ ነፍስ የምትቆይበት ዓለም «በርዘኽ» ይባላል፤ በዚህኛውና በወዲያኛው ሕይወት መካከል ያለ መጋረጃ ነው። ሙንከርና ነኪር የሚባሉ ሁለት መላእክት ወደ ሟቹ መጥተው ጌታው ማን እንደሆነ፣ ሃይማኖቱ ምን እንደሆነ፣ ነቢዩም ማን እንደሆነ ይጠይቁታል። እንደ መልሱ መቃብሩ ይሰፋለታል ወይም ይጠበዋል። በዓለም ፍጻሜ ኢስራፊል መለከቱን ሲነፋ ሙታን በሥጋቸው ይነሣሉ። ይህ ቀን «ቂያማ» ነው። የእያንዳንዱ ሰው ሥራ የተጻፈበት መጽሐፍ ለጻድቁ በቀኝ እጁ፣ ለኃጥኡ በግራ እጁ ይሰጠዋል። ሥራው በሚዛን ይመዘናል፤ የብናኝ ያህል የቀለለች መልካምም ሆነ ክፉ ሥራ አትዘለልም። ከዚያም በጀሀነም ላይ የተዘረጋውን ሲራጥ የሚባለውን ድልድይ የተሻገረ ወደ ጀነት ይገባል። ሆኖም በሥራው ብቻ ተመክቶ የሚድን የለም፤ የሁሉም ተስፋ የአላህ ምሕረት ነው።

በዚህ ትምህርት ውስጥ የክርስቲያኑን ጎረቤት በቀጥታ የሚነካ አንድ ነገር አለ፤ እርሱም «ሐቅ» ነው። ቃሉ ከዐረብኛ ወደ ቋንቋችን ገብቶ የሁላችን ሆኗል። ፈጣሪ በእርሱና በባሪያው መካከል ያለውን በደል ሊምር ይችላል፤ የሰው ሐቅ ግን ባለሐቁ ካልተካሰ ወይም ይቅር ካላለ አይፋቅም። በፍርድ ቀን ብዙ ሶላት፣ ጾምና ምጽዋት ይዞ የመጣ ሰው ሌላውን ሰድቦ፣ መትቶ ወይም ገንዘቡን በልቶ ከሆነ መልካም ሥራው ለበደላቸው ሰዎች እየተከፈለ ባዶ እጁን እንደሚቀር ነቢዩ አስተምረዋል። ነቢዩ በአንድ ወቅት ዕዳ ባለበት ሰው ጀናዛ ላይ ለመስገድ ፈቃደኛ ሳይሆኑ ቆይተው ከባልደረቦቻቸው አንዱ ዕዳውን እከፍላለሁ ካለ በኋላ መስገዳቸው ይነገራል። ከሟቹ ንብረት ውርስ ከመከፈሉ በፊት ዕዳው ይከፈላል። ባለዕዳው ሙስሊም ባለገንዘቡ ክርስቲያን ቢሆንም ሐቁ ሐቅ ነው።

ስለ ለቅሶውም እንዲሁ መረዳት ያስፈልጋል። እስልምና ደረት መምታትንና ልብስ መቅደድን ይከለክላል፤ እንባን ግን አይከለክልም። ነቢዩ ሙሐመድ ከግብጻዊቷ ማርያ የወለዱት ኢብራሂም በሕፃንነቱ ሲሞት አልቅሰዋል። ዕለቱን ፀሐይ በመጨለሟ ሰዎች ከሕፃኑ ሞት ጋር ሲያያይዙት ፀሐይና ጨረቃ በማንም ሰው መሞት ምክንያት እንደማይጨልሙ አስረድተዋቸዋል። ኀዘኑ ሦስት ቀን ሲሆን ባሏ የሞተባት ሴት ግን፣ እርጉዝ ካልሆነች፣ አራት ወር ከአሥር ቀን ትቆያለች። ከሞት በኋላ ለሟቹ የማይቋረጡለት ሦስት ነገሮች ናቸው፤ ዘላቂ ምጽዋት፣ ሰው የሚጠቀምበት ዕውቀት፣ ዱዓ የሚያደርግለት መልካም ልጅ።

ከሙስሊሙ የቀብር ሥርዓት ታሪክ ውስጥ የሀገራችን ስም እንዳለበት ስንቶቻችን እናውቃለን? በ615 (እ.ኤ.አ.) በመካ የተሳደዱት የነቢዩ ተከታዮች ወደ አክሱም ንጉሥ መጥተው ተጠለሉ። የስደተኞቹ አፈ ጉባኤ ጀዕፈር ኢብን አቢ ጣሊብ በንጉሡ ፊት ስለ ድንግል ማርያም የሚናገረውን የቁርኣን ክፍል ማንበቡ ይተረካል። ጀዕፈር ወደ ዐረብ ምድር ተመልሶ በ629 በሙእታ ጦርነት ሲሞት ነቢዩ ቤተሰቡ በሐዘን ተይዟልና ምግብ ሥሩለት ብለው ጎረቤቶቹን አዘዙ። ወደ ሙስሊም ሐዘንተኛ ቤት ምግብ ይዞ መሄድ ከዚህ የመጣ ነው። በዚህ ምድር ልጆች ወልዳ ያሳደገችው የጀዕፈር ባለቤት አስማ ቢንት ዑመይስም የሴት አስከሬን ቅርፁ ሳይታይ ተሸፍኖ የሚወሰድበትን የሐበሻ ቃሬዛ ለነቢዩ ልጅ ለፋጢማ እንዳሳየቻት የሙስሊም ጸሐፊዎች ይተርካሉ። ንጉሡ ራሱ በ630 አካባቢ ሲያርፍ ነቢዩ በመዲና ሆነው የጀናዛ ሶላት ሰገዱለት። የሻፊዒና የሐንበሊ መዝሃቦች በሩቅ ሀገር ለሞተ ሰው መስገድን የሚፈቅዱት ይህን መሠረት አድርገው ነው፤ የሐነፊና የማሊኪ መዝሃቦች ግን ለንጉሡ ብቻ የተደረገ ነው ይላሉ። ንጉሡ ሰልሟል ወይስ አልሰለመም በሚለው ላይ የሁለቱ ሃይማኖቶች ትውፊት ይለያያል፤ እንግዳ ተቀባይነቱን ግን የሚክድ የለም።

ልዩነቱን ማድበስበስ አይገባም። ክርስቲያኑ የትንሣኤ ተስፋውን በክርስቶስ ሞትና ትንሣኤ ላይ ይመሠርታል። እስልምና ዒሳን ከድንግል የተወለደና ከፍጻሜው በፊት ተመልሶ የሚመጣ ታላቅ ነቢይ አድርጎ ቢያከብረውም መሰቀሉንና አምላክነቱን አይቀበልም። ከአዳም የሚተላለፍ በደል የለም፤ እያንዳንዱ የራሱን ሸክም ይሸከማል ብሎ ያስተምራል። ይህ ልዩነት ትልቅ ነው። ሆኖም መቃብር ፍጻሜ አለመሆኑን፣ ሥጋ እንደሚነሣ፣ የተራበን ማብላትና የታመመን መጠየቅ በፍርድ ቀን እንደሚያስጠይቅ ሁለቱም ያምናሉ። ለሞቱት በፍትሐትና በተዝካር የሚያስበው ክርስቲያን ጎረቤቱ በዱዓና በሰደቃ ሟቹን ሲያስብ ቢያይ እንግዳ ሊሆንበት አይገባም።

እንግዲህ የሙስሊም ጎረቤት ሲያርፍ ከሩቅ የሚመጣ ዘመድ እስኪደርስ ቀብሩ ይቆይ ብሎ መጎትጎት አያስፈልግም። ጩኸቱን ማብዛት ለቤተሰቡ ማጽናኛ አይሆንም። ምግብ ይዘን ስንሄድ ሥጋ የሌለበትን፣ ዳቦውንና ንፍሮውን እንምረጥ። ከሟቹ የምንፈልገው ገንዘብ ካለም በዝምታ ከማለፍ ለቤተሰቡ እንንገር፤ የተውንለት እንደሆነም መተዋችንን በግልጽ እንናገር። በእምነቱ መሠረት ያ አንድ ቃል ከብዙ እንባ ይልቅ ለሟቹ ይጠቅመዋል። በሕይወት ሳለን ደግሞ ሐቅ ሳንበላላ እንኑር።

ለሙስሊም ወገኖቻችን በሙሉ፣ እንኳን ለዒድ አል አድሃ (አረፋ) በዓል በሰላም አደረሳችሁ!