አዲሱ ላንድክሩዘር ወይስ የቀድሞው? ከመፈረማችሁ በፊት አንብቡት



ልጅ አድጎ፣ ሠርቶ፣ "ላንድክሩዘር ልገዛ ነው፤ ባንኩ ዋስ ጠይቆኛልና ኑና ፈርሙልኝ" ሲል ወላጅ ምን ይበል? እምቢ ቢል ልጁ ይከፋዋል። እሺ ቢል ደግሞ የፈረመበትን ወረቀት አያውቀውም። እስኪ ዛሬ በዚህ ላይ እንነጋገር።

ሃሳቤን ከመጀመሪያው ልናገር። እንዲህ ያለ መኪና በእውነት የሚያስፈልገው ቤተሰብ የቀድሞውን፣ ከ2020 ወዲህ የተሠራውን ይግዛ። አዲሱን በብድር ልግዛ ለሚል ልጅ ግን ወላጅ ዋስ መሆን የለበትም።

መቼም ይህን መኪና የማያውቅ የለም። በአገር ቤት ላንድሮቨር ወይም ላንድክሩዘር መንደር ከገባ ባለሥልጣን ወይም የእርዳታ ድርጅት መጣ ማለት ነበር። ልጆቻችን እዚህ ተወልደውም ቢሆን ያ ክብር ከእኛ ተላልፎባቸዋል። "እኛም ደርሰናል" ለማለት ጂፕ ቢመኙ አይገርምም። ነገር ግን የሰው ወርቅ አያደምቅም። የባንክ መኪናም እንደዚያው ነው።

አሁን ወደ መኪናው እንምጣ። የቀድሞው ፕራዶ 150 የሚባለው ሲሆን ከ2009 ጀምሮ ሲሠራ የቆየ ነው። አዲሱ 250 የሚባለው ደግሞ በ2023 ለዓለም የታየው ነው። ልጆች "አባባ፣ ሌላ መኪና ነው እኮ!" ይላሉ። ግማሹ እውነት ነው። ሻንሲው አዲስና ጠንካራ ነው። መሪው በዘይት ግፊት መሆኑ ቀርቶ በኤሌክትሪክ ሆኗል። ካምቢዮው ከ6 ማርሽ ወደ 8 አድጓል። ካሜራውና ራሱ ፍሬን የሚይዘው መሣሪያም ተሻሽሏል። ይህ የመጨረሻው ቀላል ነገር አይደለም፤ ሕይወት ያድናል። በኋለኞቹ 150ዎችም ይገኛል፤ ግን ሁሉም ላይ ስለሌለ የምትገዙት መኪና እንዳለው አረጋግጡ።

ግማሹ ግን እውነት አይደለም። በናፍጣ የሚሄደው አዲሱ መኪና ሞተሩ ያው 2.8 ሊትር ነው፤ ጉልበቱም ያው 204 የፈረስ ጉልበት ነው። ከ2020 ወዲህ የወጣው 150ም ልክ ይህንኑ ጉልበት አለው። ዳገቱን ሁለቱም ይወጡታል፣ ጭቃውንም ሁለቱም ያልፉታል። አዲሱ ደግሞ ወደ 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሰፋል፤ የቀድሞው ወርዱ 1.885 ሜትር፣ አዲሱ 1.98 ሜትር ነው። በድሮ ሽኹና ውስጥ ባለች ጠባብ ፓርኪንግ ያቆመ ሰው 10 ሴንቲ ሜትር ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል።

"ለምን ከ2020 ወዲህ?" ትሉኝ ይሆናል። ምክንያት አለኝ። የናፍጣ መኪና ማርሚታው ላይ የጭስ ማጣሪያ አለው። ማጣሪያው የሚጸዳው መኪናው ረዘም ላለ ጊዜ በደንብ ሲነዳና ሲሞቅ ነው። ከቤት ሱፐር፣ ከሱፐር ቤት ብቻ ከሆነ በጥላሸት ይደፈናል። በአውስትራሊያ ከ2015 እስከ 2020 የተሸጡ ባለ 2.8 ናፍጣ ሂሉክስ፣ ፎርቹነርና ፕራዶ ባለቤቶች በዚሁ ማጣሪያ ጉዳይ ተሰብስበው ከሰው ነበር፤ በ2022ም የፌዴራሉ ፍርድ ቤት መኪኖቹ ጉድለት ነበረባቸው ብሎ ፈርዷል። ስለዚህ የእነዚያን ዓመታት መኪና የሚገዛ ሰው ስለ ማጣሪያው ደጋግሞ ይጠይቅ። ከዚያ በፊት የነበረው ባለ 3 ሊትር ሞተር ደግሞ በካቴና ሳይሆን በቺንጋ ነው የሚሠራው። ቺንጋው በጊዜው ካልተቀየረ ሞተር ይዞ ይሄዳል። እግረ መንገዴን፣ ልጁ በቀን አሥር ደቂቃ ብቻ የሚነዳ ከሆነ አዲሱም የቀድሞውም አይሆነውም፤ ትንሽ የቤንዚን መኪና ይበቃዋል።

ትልቁ ነገር ገንዘቡ ነው። በዚህ አገር በአዲስ መኪና ላይ የግዢ ቀረጡ በመሠረቱ 83 ከመቶ ነው፤ ብክለቱ አነስተኛ ለሆነ መኪና ይቀነሳል። በዚያ ላይ 18 ከመቶ መዓም አለ። አዲስ መኪና ዋጋው በብዛት የሚወድቀው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ነው። ያንን ኪሳራ የሚሸከመው የመጀመሪያው ገዢ ነው። ሁለተኛ እጅ የሚገዛ ሰው ሌላው ከከሰረ በኋላ ነው የሚደርሰው። ልጃችሁ ከሁለቱ የትኛውን መሆን ይሻለዋል?

"በወር ትንሽ ነው የሚከፈለው" ሲሏችሁ ደግሞ ባሎን የሚሉት ሃልቫአ እንዳይሆን ጠይቁ። በምሳሌ ላስረዳ። ሰውየው 300,000 ሸቀል ለአምስት ዓመት ተበደረ እንበል፤ ወለዱን ለጊዜው እንተወው። በወር 2,500 እየከፈለ በ60 ወር 150,000 ይጨርሳል። የቀረው 150,000 ግን በአንድ ጊዜ መጨረሻ ላይ ይጠበቅበታል! በወር ትንሽ የመሰለው ለዚህ ነው። ያን ቀን ልጁ ካልቻለ ወይ መኪናውን ይሸጣል፣ ወይ ሌላ ሃልቫአ ይወስዳል። አባቶቻችን ሳይቸግር ጤፍ ብድር ያሉት ይህንን ነው። ቢቱዋሑም ቢሆን ለወጣት ሾፌርና ለውድ ጂፕ ይወደዳል፤ ሒሳቡ ውስጥ አስገቡት።

የቀድሞውን መግዛትም ዓይን ጨፍኖ አይደለም። ሲገዛ እነዚህን ያድርግ፦

አንደኛ፣ ገንዘብ ሳይሰጥ መኪናውን ወደ መኾን ብዲካ ይውሰድ። ሻጩ "የኔ መካኒክ አይቶታል" ቢል አይቀበል። ይህ መኪና አሸዋና ድንጋይ ላይ የሚነዳ ስለሆነ ከሥር በኩል ዝገትና ግጭት በደንብ ይታይ።

ሁለተኛ፣ በመኪናው ላይ ዕዳ ወይም ሺዕቡድ እንዳለ በራሻም ሃማሽኮኖት ያጣራ። አለበለዚያ የሌላውን ሰው ዕዳ አብሮ ይገዛል።

ሦስተኛ፣ ስንተኛ እጅ እንደሆነ፣ የሊዚንግ ወይም የኪራይ መኪና እንደነበረ ይጠይቅ። ዋጋውን ከሌዊ ይጽሓቅ መዝገብ ጋር ያስተያይ።

አራተኛ፣ የሙሳኽ ወረቀቶቹን ሁሉ ይቀበል። ወረቀት የሌለው "በደንብ የተያዘ" መኪና ወሬ ነው።

አንዳንድ ወላጆች "ልጄ ለፍቷል፤ በገንዘቡ ቢደሰት ምን አለበት?" ይላሉ። ልክ ናቸው። በራሱ ገንዘብ የሚገዛ ልጅ አዲሱን ቢወስድ ምርቃት እንጂ ወቀሳ አይገባውም። የኔ ነገር ፊርማው ላይ ነው። ዋስ፣ እዚህ አሬቭ የሚሉት፣ "ልጄ ጥሩ ልጅ ነው" ብሎ መመስከር ማለት አይደለም። እሱ መክፈል ካቃተው እኔ እከፍላለሁ ማለት ነው። ልጅ ከሥራ ሊወጣ ይችላል፣ ሊታመም ይችላል፣ ትዳር ሊፈርስ ይችላል። ያኔ ደብዳቤው የሚመጣው ወደ እናንተ ቤት ነው። ዘመናችሁን ሙሉ በጽዳት፣ በፋብሪካና በጥበቃ ሥራ ያጠራቀማችኋት ቁጠባ ለጂፕ አይደለችም። የልጅ ልጅ ትማርበታለች፣ ልጁም ቤት ሲገዛ ለሚሽካንታው መነሻ ትሆነዋለች።

እምቢ ማለት ከከበዳችሁ እንዲህ በሉት፦ "ልጄ፣ ዋስ አልሆንም። የቀድሞውን ከገዛህ ግን ከቁጠባዬ የምችለውን እሰጥሃለሁ፤ አትመልስልኝም።" የምትሰጡት ገንዘብ ልኩ ይታወቃል፤ የዋስ ዕዳ ግን የት እንደሚደርስ አይታወቅም። የግድ የምትፈርሙ ከሆነም ዕብራይስጥ በደንብ የሚያነብ፣ ከሽያጩ ጥቅም የሌለው ሰው ይዛችሁ ሂዱ። ያልገባችሁን አትፈርሙ። "ነገ እመለሳለሁ" ማለት ነውር አይደለም።

እናንተስ ምን ትላላችሁ? ከልጆቻችሁ ጋር በዚህ ጉዳይ የተነጋገራችሁ ካላችሁ ከታች ጻፉልን፤ ለሌላው ወላጅ ትምህርት ይሆናል። ልጆቻችንን በሰላም ያግባልን፣ በሰላም ያውጣልን። ሰላም ሁኑ።